የቢሊ ኮኖሊ ወሬ ሁሉ በሽታ ሆነ እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አንጋፋው ስኮትላንዳዊ ኮሜዲያን ቢሊ ኮኖሊ ሲነሳ አሁን አሁን የሚወራው ፓርኪንሰን የተባለው እጅ የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ ብቻ ሆኗል። እርግጥ በ2013 እ.ኤ.አ. በሽታው እንዳለበት ታወቀ፤ በ2018 ከመድረክ መሰናበቱን ተናገረ። ግን ሰውዬው ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ሰው ሲያስቅ ኖሯል እኮ!

በ1942 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ክላይድ ወንዝ ዳር፣ መርከብ መሥሪያ ውስጥ ብረት ይበይድ ነበር። ከዚያ ባንጆ የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ ሙዚቃ ውስጥ ገባ። በዘፈን መሃል ጣል የሚያደርጋት ጨዋታ ግን እየረዘመች መጣች። በኋላ ዘፈኑ ቀረና ጨዋታው እንጀራው ሆነ።

በ1975 እ.ኤ.አ. የቴሌቪዥን አቅራቢው ማይክል ፓርኪንሰን (ስሙ ከበሽታው ጋር መገጣጠሙ ነው እንጂ ሰው ነው) በቢቢሲ ፕሮግራሙ ጋበዘው። የኮኖሊ ሥራ አስኪያጅ አንዲት ቀልድ እንዳይነግር አስጠንቅቆት ነበር። ነገራት። አንዱ ሚስቱን ገድሎ ይቀብራል፤ መቀመጫዋን ግን ከአፈር በላይ ይተወዋል። ለምን ቢሉት፣ ብስክሌቴን የማቆምበት ቦታ ስለምፈልግ ይላል። (ዛሬ ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር።) ከዚያች ምሽት በኋላ እንግሊዝም አወቀችው።

እኔን የሚገርመኝ አጨዋወቱ ነው። አንዱን ወሬ ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፤ እሱንም ትቶ ሌላ። ሰው መነሻውን ረስቶ ሲስቅ፣ እሱ ድንገት ይመለስበታል። አንዳንዴ ደግሞ የራሱ ቀልድ ራሱን አስቆት መናገር ያቅተዋል።

እባካችሁ፣ ሌላ ጊዜ ስለ እሱ ስትጽፉ ይህንንም አስገቡልን።

አንባቢያችሁ