ነጋሪት ብሮንክስ ውስጥ

ይድረስ ለምወድህ አብሮ አደጌ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተጻጻፍን ስድስት ዓመት ሆነን። ጥፋቱ የእኔ ነው። የጋሼን መርዶ በሰማሁ ቀን መደወል ነበረብኝ። "ነገ፣ ነገ" ስል ወር አለፈ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ቅዳሜ ማታ የሰማሁት ከበሮ ነው።

አብራኝ የምትሠራ ከኩማሲ የመጣች ጋናዊት አለች። በዕድሜ እናታችን ትሆናለች፤ ሁላችንም "አንቲ" ነው የምንላት። "አኩዋሲዳኤ እናከብራለን፣ ልጅህን ይዘህ ና" አለችኝ። የእሷ ሕዝብ፣ አሻንቲዎች፣ የራሳቸው የቀን አቆጣጠር አላቸው። አንዱ ዙር 42 ቀን ነው። በየዙሩ በሚውለው የአኩዋሲዳኤ እሑድ ያለፉት ነገሥታት ይታሰባሉ፣ ሕዝቡም ኩማሲ በሚገኘው የማንሂያ ቤተ መንግሥት ለንጉሡ እጅ ይነሳል። ኒውዮርክ ያሉት አሻንቲዎች ደግሞ እዚሁ የራሳቸውን አለቃ ይሾማሉ። ንግሥተ እናትም አለቻቸው። እዚህ ቅዳሜ ያደረጉት እሑድ ሥራ የሚገባው ሰው ስለሚበዛ ነው።

አዳራሹ ተራ የኪራይ አዳራሽ ነው። የእኛም ሠርግ እዚያ ተደግሶ አውቃለሁ። ግን አለቃው ሲገቡ ከላያቸው ዣንጥላ ተዘርግቷል። ጣሪያ ሥር! ጥምቀት ላይ ከታቦቱ በላይ የምናየውን ዓይነት ትልቅ ባለዘርፍ ዣንጥላ። ያዡ ጎረምሳ ከከበሮው ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ያስጨፍረዋል። ወንዶቹ ኬንቴ የሚሉትን ጨርቅ ለብሰው ቀኝ ትከሻቸውን ባዶ አድርገዋል። አለቃው ፊት ሲደርሱ ከግራውም ዝቅ ያደርጉታል፣ ነጠላ ጫማቸውንም ያወልቃሉ። ወዲያው "ማደግደግ" የሚለው ቃል ትዝ አለኝ። ስንት ዘመኔ ነው ይህን ቃል ከሰማሁ!

አለቃን በቀጥታ ማናገር ነውር ነው። መሃል ላይ "ኦኪያሜ" የሚሉት ሰው አለ፤ የእኛ አፈ ንጉሥ በለው። የያዘው በትር ጫፍ ላይ እንቁላል የጨበጠ እጅ ተቀርጿል። አንቲ ፈታችልኝ። ሥልጣን እንደ እንቁላል ነው፤ አጥብቀህ ከያዝከው ይሰበራል፣ ካላላኸው ይወድቃል። ይህን ጋሼ ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር?

ከዚያ "አቱምፓን" የሚባሉት ጥንድ ከበሮዎች ተመቱ። ቋንቋቸው ቲዊ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃል ይለያል። ከበሮው ያንን ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ ይናገራል። አንቲ ጆሮዋን አዘንብላ "አሁን የቀድሞ ነገሥታትን እየጠራ ነው" ትለኛለች። እኔ ግን የሰማሁት ጋሼን ነው። በቅቤ ጣሳ ላይ ነጋሪት እየጎሰሙ፣ በልጅነታቸው ገበያ ላይ የሰሙትን አዋጅ ሲያሰሙን። "ስማ! ስማ!" እኔና አንተ በር ሥር ቁጭ ብለን። ያን ማታ ሰው መሃል አለቀስኩ።

ስንወጣ አንቲ ስለ ወርቁ ዙፋናቸው አጫወተችኝ። ዙፋን ይባል እንጂ በርጩማ ነው። የሕዝቡ ነፍስ ያደረበት ስለሆነ ንጉሡ ራሱ አይቀመጥበትም። እ.ኤ.አ. በ1900 የእንግሊዙ ገዥ ሆጅሰን "አምጡልኝ፣ ልቀመጥበት" ቢላቸው የኤጂሱዋ ንግሥተ እናት ያአ አሳንቴዋ ጦር አስነሳች። ተይዛ ሲሼልስ ተጋዘች፣ እዚያው በ1921 አረፈች። ንጉሥ ፕሬምፔ ከእሷ በፊት በ1896 ተግዘው አገራቸው የተመለሱት በ1924 ነው። በርጩማውን ግን እንግሊዞች አላገኙትም።

"እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር አላችሁ?" አለችኝ። ታቦት አልኳት። ከመቅደላ የተወሰዱ 11 ታቦታት ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ እንዳሉ ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ። መቅደላ በተዘረፈች በስድስት ዓመቷ፣ በ1874፣ ኩማሲም ተዘርፋ ተቃጥላለች። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ብሪቲሽ ሙዚየምና ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም 32 የአሻንቲ ዕቃዎች ለማንሂያ ሰጡ፤ ያውም ለሦስት ዓመት ውሰት። ለባለቤቱ የገዛ ንብረቱን ማዋስ! እኔ ይህን መቼም አልቀበለውም። ሎስ አንጀለስ ያለው ፋውለር ሙዚየም ግን በዚያው ዓመት ሰባት ዕቃ ለዘለቄታው መለሰላቸው። ደግ አደረገ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መኪና ውስጥ "የእኛ ከበሮስ ምን ይላል?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስማ! ስማ!" ብዬ ጀመርኩላት። ቀጥሎ ያለው ጠፋብኝ። ሙሉ መንገዱን ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። አንተ ታስታውሰዋለህ፤ ሁልጊዜ ከኋላቸው የምትቀበለው አንተ ነበርክ። እባክህ በድምፅህ ቅዳና በቴሌግራም ላክልኝ። ካገኘህ ጣሳም ምታበት።

እሑድ ማታ በእናንተ ሰዓት ሁለት ላይ እደውላለሁ። እማማ እንዳይተኙ ንገራቸው፣ በድምፄ ላጽናናቸው እፈልጋለሁ።

ወንድምህ
ከብሮንክስ