የዳሊያ አበባዎቻችንን ሥር ለብርዱ ወራት ከአፈር ስለ ማውጣት

ውድ አባላት፣

ሚኔሶታ ላይ ውርጩ ደርሷል፤ የዳሊያው ቅጠል ጠቁሮ ስታዩ አትደንግጡ። ግንዱ ቢሞትም ከአፈር በታች ያለው ያበጠ ሥር ደኅና ነው። ዳሊያ የሜክሲኮ ደጋ ተክል ስለሆነ ግን መሬቱ ራሱ በረዶ ሲሆን አይተርፍም።

ቅጠሉ ከጠቆረ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ታገሡ። ግንዱን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡና የአበባውን ስም ወይም ቀለም ጽፋችሁ እሰሩበት። ቁፋሮው ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ርቆ ዙሪያውን ይሁን። እባካችሁ ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ! የሥሩ አንገት (ያበጠውን ሥር ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ክፍል) በቀላሉ ይሰበራል፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ደግሞ ከአንገቱ በላይ፣ በግንዱ ግርጌ ካለው ዓይን፣ ማለትም ቡቃያ ከሚሆነው ትንሽ እብጠት ነው። ዓይን የሌለው ሥር የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም።

አፈሩን አራግፉ፤ በግንዱ ቀዳዳ የቀረው ውሃ እንዲወርድ ገልብጣችሁ፣ ፀሐይም ውርጭም በማያገኘው ቦታ አንድ ሁለት ቀን አድርቁት። ከዚያ በጥቂቱ እርጥበት ባለው ሰጋቱራ ሸፍናችሁ በካርቶን አስቀምጡት። ቦታው ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ በማሞቂያ አጠገብ ይጨማደዳል፣ ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ደግሞ በረዶ ይመታዋል። በየወሩ እየከፈታችሁ የበሰበሰውን አስወግዱ፣ ለተጨማደደው ጥቂት ውሃ ርጩ።

ጀማሪዎች ሥሩን አሁን ባትከፋፍሉት እመርጣለሁ፤ በጸደይ ዓይኖቹ አብጠው በግልጽ ይታያሉ። ትርፍ የሚኖራችሁ አቆዩልን፤ ግንቦት ውስጥ ከመትከላችን በፊት እንካፈለዋለን።