ከሰል ሲያነድ የነበረው ዘፋኝ

ቢኒዬ፣ እንደምን ከረምክ? እማዬስ፣ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው አልለመድ ያለኝ።

ባለፈው ስትደውል «ጊታሩን ልሸጠው ነው፣ ጋራዥ እየዋልኩ ምን ሙዚቃ ይሆንልኛል» ያልከው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ እንቅልፌን ትቼ፣ እዚሁ ሴንት ፒተርስበርግ ብሎኺን ጎዳና ቁጥር 15 ሄድኩ። ደረጃ ወርደህ የምትገባበት ምድር ቤት ነው። ድሮ ለማሞቂያ ከሰል ይነድበት ነበር፤ «ካምቻትካ» ይሉታል። እዚህ በአካፋ ከሰል ሲጨምር የነበረው ማን መሰለህ? ቪክቶር ጾይ! የሶቪየት ዘመኑ የሮክ ባንድ፣ የ«ኪኖ» ዘፋኝ። (ኪኖ ማለት ሲኒማ ነው፣ እማዬ የደርግ ጊዜ ኪነት እንዳይመስላት።)

በ1962 ነው እዚሁ ከተማ የተወለደው፣ ያኔ ሌኒንግራድ ነበር። አባቱ የኮሪያ ዘር ያላቸው መሐንዲስ፣ እናቱ ሩሲያዊት የስፖርት አስተማሪ። እሱ ራሱ የተማረው እንጨት መቅረጽ ነው። በሶቪየት ጊዜ ሥራ ፈት መሆን ያስከስስ ስለነበር የሮክ ልጆች ዘበኛም ከሰል አንዳጅም እየሆኑ፣ በተረፋቸው ሰዓት ይጫወቱ ነበር። «የደም ዓይነት» የሚለውን፣ ዛሬም ድረስ ሰው በቃሉ የሚዘፍነውን አልበም የሠሩት እሱ እዚህ አካፋ ይዞ በነበረበት ሰሞን ነው። አስበው እስቲ!

በሰኔ 1990 ሞስኮ ሉዥኒኪ ስታዲየም ሞልቶለት ዘፈነ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ላትቪያ ውስጥ ከዓሣ ማጥመድ ሲመለስ መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጨና ሞተ። ገና 28 ዓመቱ ነበር። ድምፁን ቀድቶ ስለነበር ጓደኞቹ የመጨረሻውን አልበም ጨርሰው አወጡት። ሽፋኑ ጥቁር ብቻ ነው። ሞስኮ አርባት ሰፈር ውስጥ «ጾይ ሕያው ነው» ተብሎ የተጻፈበት ግድግዳ አለ። «ለውጥ» የሚለው ዘፈኑ ደግሞ በ2020 በቤላሩስ ዋና ከተማ ሚንስክ የተቃውሞ ሰልፈኛ መዝሙር ሆኖ ነበር፤ በመንግሥት ዝግጅት ላይ ያጫወቱት ሁለት ዲጄዎች አሥር አሥር ቀን ታስረዋል። ለውጥ የሚለው ቃል እኛ ጋ ስንቴ እንደተባለ መቼም አንተ ታውቃለህ።

ካምቻትካ አሁን ሙዚየምም ክለብም ሆኗል። እኔ ስገባ አንድ ጎረምሳ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጊታር ይሞክራል። አንዷ ክር ተበጥሳለች፣ ግን አላቆመም።

በል ጊታሩን አትሽጠው። በሚቀጥለው ወር ወደ አዲስ የሚመጣ ልጅ አለ፣ ክር እልክልሃለሁ። የናይለን ነው የብረት? ቶሎ ንገረኝ።