ከራጂ ወደ እንዝርት፦ የእጅ ሥራ ክበብ ዓመት

የትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክበብ የመጀመሪያ ንብረት 26 የብስክሌት ራጂ (የጎማው ቀጭን ሽቦ) ነው። ከብስክሌት ጠጋኝ በነፃ አገኘነው። ዝገቱን በአሸዋ ፈገፈግን፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ሞረድን፣ የሹራብ መሥሪያ አደረግነው። መሥሪያው ሱቅ ውስጥ ጠፍቶ አልነበረም። ግን መስከረም ላይ ለክበቡ የተፈቀደው ብር ሲነገረኝ ሳቄ መጣ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ የጀመርኩት በራጂ ስለሆነ አላፈርኩም።

የትምህርት ቤቱ መጽሔት አዘጋጆች «ምን ተሠራ፣ ስንት ተሠራ» የሚል ሠንጠረዥ ሰጥተውኝ ነበር። ሞልቼዋለሁ፤ የፈለገ ቢሮ ሄዶ ያየዋል። እዚህ የምጽፈው ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገባውን ነው።

ጥቅምት ላይ 34 ተማሪ ተመዘገበ። ኅዳር ላይ 19 ቀሩ። ሌሎቹ ወደ ሚኒ ሚዲያ ሄዱ። እዚያ ማይክራፎን አለ፤ አልፈርድባቸውም። ከ19ኙ አምስቱ ወንዶች ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ የሚስቅባቸው አይጠፋም ነበር። በኋላ ከሳቂዎቹ አንዱ ኮፍያ እንዲሠራለት ሲለምን ተያዘና ሳቁ ቀረ።

ራጂ አንድ ችግር አለበት። ቀጭን ነው። ገበያ የምናገኘው ክር ደግሞ ወፍራም ነው። ወፍራም ክር በቀጭን ሲሠራ ሹራቡ እንደ ካርቶን ይደርቃል። የመጀመሪያዋ ኮፍያችን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጧት ራሷን ችላ ትቆም ነበር። ይህን የፈታልን ቤተሰቦቹ እንጅባራ ያሉ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እንጅባራ ያለችበት አዊ የቀርከሃ አገር ነው። ልጁ ለገና ሄዶ ሲመለስ አንድ እቅፍ ቀርከሃ ይዞ መጣ። ሰነጠቅነው፣ ጠረብነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፣ በኑግ ዘይት አሸነው። ከዚያ ወዲህ ራጂው ለካልሲ ብቻ ሆነ።

ቀጥሎ የክር ጣጣ መጣ። አዲስ ክር ለ19 ሰው አይበቃም። ስለዚህ ሰልባጅ ተራ ወርደን አሮጌ ሹራብ እየገዛን መተርተር ጀመርን። ይህም ዕውቀት ይፈልጋል። ሹራቡን ገልብጦ ስፌቱን ማየት ነው። ጎኑ በመቀስ ተቆርጦ በማሽን የተሰፋ ከሆነ መተው ይሻላል። ሲተረተር በየስንዝሩ እየተቆረጠ ይወጣል። ጠርዙ ሳይቆረጥ ቁራጭ በቁራጭ ተሠርቶ የተገጣጠመ ከሆነ ግን አንድ ረጅም ክር ይሰጣል። የተተረተረው ክር እንደ ተጠቀለለ ጸጉር ይሆናል። ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠልጥሎ ማድረቅ ነው።

የኬሚስትሪው መምህር ደግሞ አንድ ቀን ክብሪት ይዞ መጣ። ከእያንዳንዱ ክር ጫፍ ቆረጠና አቃጠለው። ጥጡ እንደ ወረቀት ሸተተ። የበግ ጠጉሩ እንደ ጸጉር ሸተተ፤ አመዱም በጣት ሲነካ ብን አለ። አብዛኛው ክራችን ግን ቀለጠና ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ሆነ። ስንት ዓመት «ሱፍ» እያልኩ የሠራሁት አክሪሊክ ኖሯል፤ ፕላስቲክ ማለት ነው። ትንሽ ቅር አለኝ። ልጆቹ ግን ከዚያ ወዲያ ያገኙትን ክር ሁሉ ካላቃጠልን አሉ።

ጥር ላይ ሰልባጁም ተወደደ። እኔ እንደልማዴ ማማረር ያዝኩ። «ክር ከየት ልናመጣ ነው?» ስል አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አያቴ ጋ ብዙ አለ።»

«ከየት አመጡት?»

«ትፈትለዋለች።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሹራብ መሥራት ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። እናቴም አያቴም ፈትለዋል። እኔ ግን አንድ ክንድ ክር ፈትዬ አላውቅም። ክር ለእኔ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነበር።

ልጅቷ አያቷን «እመይቴ» ስለምትላቸው ሁላችንም እመይቴ አልናቸው። የመጀመሪያው ቀን ቤታቸው ስንሄድ ቀኑን ሳላይ ነው የወጣሁት። «ዛሬ ማርያም ናት» ብለው ቡና አፈሉልን፤ ጥጡ ከሙዳዩ አልወጣም። ቡና ጠጥተን፣ ቆሎ በልተን ተመለስን። ክበባችን የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ደግሞ አንዴ 12 ላይ ይውላል፣ አንዴ 21 ላይ፣ አንዴ 27 ላይ። እመይቴ ለሚካኤልም ለማርያምም ለመድኃኔዓለምም እንዝርት አይነኩም። ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ የክበቡን መርሐ ግብር ያወጡት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ሙከራ ተሳካልን። እመይቴ ከነፍሬው ያለ ጥጥ አወጡ። ከመተማ በኩል የመጣ ነው አሉን። ለስላሳ ድንጋይ ላይ እያደረጉ በብረት መዳመጫ ዳመጡት። ፍሬው እየፈነጠረ ወጣ። ከዚያ ደጋኑን አነሱ። ጅማቱን ጥጡ ላይ ሲመቱት ድምፁ እንደ ክራር ነው። ጥጡ አበጠና ባዘቶ ሆነ። ባዘቶውን ጠቅለል ጠቅለል አድርገው አመልማሎ ሠሩ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ስለ ልጅቷ ውጤት እየጠየቁኝ ነበር። እጃቸውን አንዴም አላዩትም።

ከዚያ እንዝርቱ። ጭናቸው ላይ ነዳ አድርገው ለቀቁት። እየሾረ ተንጠለጠለ፣ የግራ እጃቸው ወደ ላይ ሄደ፣ ክሩ ረዘመ። አለቀ። ክንድ ሙሉ ሲሆን ጠቅልለውት እንደገና ነዱት። ቀላል መሰለኝ። ተቀበልኳቸው።

ተበጠሰ። ደገምኩ፤ ተበጠሰ። በሦስተኛው እንዝርቱ ወድቆ አልጋ ሥር ገባ።

«ልጄ፣ አንቺ ትጎትችዋለሽ» አሉኝ። «አትጎትችው። አላላ አድርገሽ ያዥው፣ እሱ ራሱ ይመጣል።»

በኋላ ምክንያቱ ገባኝ። የጥጥ ጭረት አጭር ነው፤ የአውራ ጣት አንድ አንጓ ቢሆን ነው። አጭር ስለሆነ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ብዙ መክረር አለበት። ካልከረረ ይላቀቃል። ከመጠን በላይ ከከረረ ደግሞ ይጠማዘዛል፣ ይቋጠራል፣ ይበጠሳል። «ነገር ሲከር ይበጠሳል» ስንት ጊዜ ብያለሁ። እንዝርት ይዤ ሳላውቅ ነው ስለው የኖርኩት።

ልጆቹ ከእኔ ቶሎ ለመዱ። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም ግን እውነት ነው። ከወንዶቹ ሁለቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደህና ልቃቂት አወጡ። የእኔ ክር አንዱ ቦታ እንደ ጸጉር ቀጥኖ ሌላው ቦታ እንደ ጤፍ ነዶ ማሰሪያ ይወፍር ነበር።

መጋቢት ላይ ከራሳችን ክር የመጀመሪያዋን ኮፍያ ሠራን። ቀርከሃውም የራሳችን፣ ክሩም የራሳችን። ስናገላብጣት ግን ኮፍያዋ ተጣማለች። ዓይኖቹ (የሹራቡን ቀለበቶች እንዲህ ነው የምንላቸው) በሙሉ ወደ አንድ ጎን ጋድለው፣ ኮፍያዋ ራስ ላይ ስትሆን የምትዞር ትመስላለች። ሁለት ሳምንት እጃችንን ስንወቅስ ከረምን። ሌላ ሠራን፣ እሷም ጋደለች። እመይቴ አይተው ሳቁ። አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ያዝ አድርገው፣ «ይሄን ማን በነጠላ ክር ይሠራዋል?» አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። እንዝርት የሚሾረው ወደ አንድ ወገን ነው። ክሩም ያንን ዙር ይዞ ይቀመጣል፤ ሹራብ ሲሆን ዙሩን ለመፍታት ይታገላል። ለሸማ አይከፋም። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ስለሚይዘው መጋደያ የለውም። ሹራብ ግን ቀለበት ብቻ ነው፤ የሚይዘው የለም። መፍትሔው ሁለት ክር ወስዶ በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ላይ መግመድ ነው። ክሮቹ ወደ አንድ ወገን ሊፈቱ ሲሉ ግመዱ ወደ ሌላው ወገን ይይዛቸዋል። ገምደን፣ ውሃ ውስጥ ነክረን፣ አንጠልጥለን አደረቅን። ሦስተኛዋ ኮፍያ ቀጥ አለች። የመጀመሪያዋን አልፈታናትም፤ የክበቡ ቁም ሣጥን ላይ እንደተጣመመች አለች።

ከጥጡ በኋላ ልባችን ያበጠ ይመስለኛል። «አሁን ደግሞ ሱፍ እንፍተል፤ ከየቤታችሁ ሱፍ አምጡ» አልኳቸው። በማግስቱ አንዷ ግማሽ ኪሎ ሱፍ ይዛ መጣች፤ የሚወቀጠውን፣ ለጾም ፍትፍት የሚሆነውን። ጥፋቱ የእኔ ነው። አማርኛችን ለእህሉም፣ ለበግ ጠጉሩም፣ ለሙሽራው ኮትና ሱሪም አንድ ቃል ነው የሰጠው። ፍትፍቱን ሠርተን በላነው።

የበግ ጠጉር ያመጡትም ቢሆን አልተሳካላቸውም። የእኛ አካባቢ በግ ዋሸራ የሚባለው ዝርያ ነው። ሥጋው የታወቀ ነው፣ ቁመናውም ያምራል፣ ጠጉሩ ግን አጭርና ልሙጥ ነው። እንዝርት አይዘውም። አንድ ከሰዓት ሙሉ ታግለን የተረፈን ልብሳችን ላይ የበነነ ቡናማ ጠጉር ብቻ ነው። እንደ አጋጣሚ የመንዝ ልጅ የሆነ ባልደረባ አለን። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረጅም ነው፤ እዚያ ከጥንት ጀምሮ ባና የሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራበት ነው። ለፋሲካ አገሩ ሄዶ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አመጣልን። ሽታውን አልገልጸውም። ጥበቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ ምን እንደሞተ ጠይቆናል።

ለማጠብ እንዶድ ወቀጥን። ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ እንዴት እንደሚነጣ ሁሉም ያውቃል። የባዮሎጂ መምህሯ አጋጣሚውን አላሳለፈችም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል እንዴት እንደደረሱበት ነገረችን። ጥሩ ትምህርት ነበር። ችግሩ፣ እሷ ስታስረዳ ውሃው እሳት ላይ ነበር። ልጆቹ የፈላውን ውሃ ጠጉሩ ላይ ገልብጠው እንደ ካልሲ ያሹት ጀመር።

የበግ ጠጉር በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው። በሙቅ ውሃ ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ ተመልሶ አይላቀቅም። የማዳበሪያው ሲሶ እንዲህ ሆኖ ቀረ። አንዱ ክብ ቁራጭ አሁን የመምህራን ክፍል የጀበና ማቶት ነው። የቀረውን ለብ ባለ ውሃ ሳንነካካ ዘፍዝፈን፣ አድርቀን፣ በሚዶ አበጠርነው። ረጅም ስለሆነ ከጥጥ ይልቅ ለጀማሪ ይገራል። ቀድሞ ቢገባኝ ከሱ እጀምር ነበር። እኔም በመጨረሻ ሳይበጠስ ፈተልኩ።

ሚያዝያ ላይ የአንዱ ልጃችን አባት መጡ። ሸማኔ ናቸው። ልጁ ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረም ነበር። ለምን እንዳልተናገረ በእኛ አገር የኖረ ሰው ማስረዳት አያሻውም። የእመይቴ ልቃቂት ሲወደስ ሲሰማ ይመስለኛል፣ «አባቴ ይህን ነው በማግ የሚያስገባው» አለ ድንገት። አባትየው ድሩን አሁን አብዛኛው ሸማኔ የፋብሪካ ክር እንደሚያደርገው፣ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ካልሆነ ጋቢው እንደማይሞቅ አስረዱን። ከዚያ ልቃቂቶቻችንን አንድ በአንድ አነሡ።

«ይቺ ትቸኩላለች» አሉ አንዱን አይተው። ልክ ናቸው። «ይሄኛው ደህና ነው፣ ኩታ ይወጣዋል።» የልጃቸው ነበር፤ አላወቁም። የእኔን ሲያነሡ ዝም አሉ። «ለቡልኮ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። ቡልኮ ወፍራም ነው።

ለወላጆች ቀን 14 ኮፍያ፣ 6 የአንገት ልብስና 9 ጥንድ የሕፃን ካልሲ ቀረበ። ካልሲዎቹን ለጤና ጣቢያ አራሶች ሰጠን። ጓንት ሞክረን ነበር፤ አውራ ጣቱ በየቦታው በቀለ። የሽንኩርት ልጣጭ አፍልተን የነከርነው የመንዝ ክር የደረቀ የገብስ ማሳ ቀለም አወጣ፤ ከሁሉም በላይ የተወደደው እሱ ነው። እንሶስላ ለሚቀጥለው ዓመት ተቀጥሯል።

የራሴን ነገር አንዳንዶቹ ይጠይቁኛል። ለሦስት ዓመት የያዝኩት ሹራብ አለ፤ የግራ እጅጌው ቀርቷል። ሰኔ ላይ ልጨርሰው ተቀምጬ ሳየው አክሪሊኩ ደበረኝ። ተረተርኩት። አሁን ለእሱ የሚሆን ክር እየፈተልኩ ነው፤ በዚህ አያያዜ የሚቀጥለው ዓመት ዘገባ ላይ ስለ አንገትጌው እጽፍ ይሆናል።

በመጨረሻው ሐሙስ ለእመይቴ ቢጫዋን ኮፍያ ወሰድንላቸው። ሻሻቸው ላይ ደፏት። ልጆቹ በበዓል ቀን ሹራብ መሥራት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቋቸው። «ሹራብ እኮ ጨዋታ ነው» ብለው ተከራከሩ። እመይቴ ኮፍያዋን አውልቀው ዓይኖቹን በጣታቸው ቆጠር ቆጠር አደረጉ።

«ይሄ ጨዋታ ነው?» አሉ። «ሥራ ነው እንጂ።»

ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ በዓል ከሆነ ግን አርብ።