መንገዱን የሚያነቃው በሩ ነው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ይህን ያህል ዘመን ዝም ማለቴ አሳፍሮኛል፤ ይቅር በለኝ። «አሮጌው ቲያትር ቤት ቢታደስ መሀል ከተማው ነፍስ ይዘራል ወይ?» ብለህ የጻፍክልኝም መልስ ሳያገኝ ቆየ።

ይዘራል። ግን መንገዱን የሚያነቃው መድረኩ ሳይሆን በሩ ነው። ተመልካቹ አዳራሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ደጁ ጭር ይላል፤ ለመንገዱ የሚተርፈው ከትርኢቱ በፊት ያለው አንድ ሰዓትና ከትርኢቱ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመኪና ማቆሚያውን እይ። ከማቆሚያው በቀጥታ ወደ አዳራሹ የሚያስገባ በር ካለ፣ 1,000 ሰው መጥቶ ሲመለስ አንድም እግር መንገዱን አይረግጥም። ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ቢርቅና በመካከሉ ሱቆች ቢኖሩ ይሻላል። የትኬት መስኮቱ ወደ እግረኛው መንገድ ይዙር፣ ቀንም ይከፈት። ከበሩ በላይ ያለውን መብራት ትርኢቱ ሲጀመር የሚያጠፉ አሉ፤ ትልቅ ስሕተት ነው። የሚወጣውን ሰው ጨለማ ከተቀበለው ወደ ቤቱ ይጣደፋል። ትርኢቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ካለቀ ደግሞ ወጥ ቤቱን 4 ሰዓት የሚዘጋ ምግብ ቤት ምንም አይጠቅመውም፤ ከባለቤቶቹ ጋር ሰዓቱን ቀድማችሁ ተስማሙ። በወር ስድስት ምሽት ብቻ ለሚከፈት አዳራሽም ማንም ሠራተኛ አይቀጥርም። ከአንድ ትልቅ ዝግጅት ይልቅ የልጆች ትርኢት፣ ፊልም፣ ክፍት ልምምድ እየተፈራረቁ ቢቀርቡ መንገዱ ልማድ ያወጣል።

በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ ያለው የቲያትር ሰፈር፣ ፕሌይሀውስ ስኩዌር፣ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 እና በ1922 ከተከፈቱት አምስት ቲያትር ቤቶች አራቱ በ1968 እና በ1969 ተዘጉ፤ በ1972 ሁለቱ ሊፈርሱ ነበር። ተቆርቋሪዎቹ ግን አዳራሹ እስኪታደስ አልጠበቁም። ከቲያትር ቤቶቹ የአንዱ፣ የስቴት ቲያትር፣ መግቢያ 97 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እዚያው መግቢያው ውስጥ ከ1973 ጀምሮ አንድ አነስተኛ የሙዚቃ ትርኢት አቀረቡ፣ ሁለት ዓመት ዘለቀ። ሰው ወደ ሰፈሩ መምጣት የለመደው አዳራሾቹ ገና ሳይጠገኑ ነው። ኦሃዮ ቲያትር በ1982፣ ስቴት በ1984፣ ፓላስ በ1988 ታድሰው ተከፈቱ። ይህን መንገድ አጥብቄ እመክርሃለሁ፦ መግቢያውን አስቀድማችሁ ክፈቱ።

እድሳቱ ግን ከጣራው ይጀምር። ውኃ ሲገባ የኮርኒሱን የጄሶ ጌጥ ያንጠለጠለው ሽቦ ይዝጋል፣ ጌጡም ሳይታሰብ በጅምላ ይወርዳል። ጄሶው በደንብ ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ ቀለሙ ይነፋና ይላጣል፣ ሥራው ሁሉ እንደገና።

ከማቆሚያው እስከ በሩ ያለውን ርቀት በእግርህ ለካና ጻፍልኝ፤ የደጁንም ፎቶ፣ አንዱን በቀን ሌላውን በማታ አንስተህ ላክልኝ።

ናፋቂ ወዳጅህ