መሐረቡን የጣለው ማን ነው?

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? የዓይንህ ቀጠሮ ማክሰኞ እንደሆነ ወንድሜ ነገረኝ። ሞራው ሲወጣ ብዙ አያምም ይላሉ፣ አትፍራ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይንህን እንዳታሸው። ጎንበስ ብለህ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ። የደም ግፊት ኪኒንህንም «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለህ አትዝለል። አውቅሃለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። እኛ አገር ጣሪያ ላይ ይወረወራል ስላት «እንግዲያው አያቴ ይወርውርልኝ» አለች። በወረቀት ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። አንተ መሰላል እንዳትወጣ፣ ከግቢ ሆነህ ወርውረው።

አባዬ፣ ዘንድሮ ማታ ማታ የቴአትር ትምህርት ጀምሬያለሁ። የምንማረው በእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1625 ድረስ ስለተጻፉት ትራጄዲዎች ነው። ወደ ሥራ የምሄድበት አውቶብስ ድሮ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በነበረበት በለንደን ዋይትሆል ያልፋል። የሼክስፒር ኦቴሎ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1604 ለቤተ መንግሥት የታየው እዚያ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንተ ነህ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን ይዘህ ሳሎን ታነብልን ነበር። ሚስትህ ከዳችህ እያለ ኦቴሎን የሚያሳስተው ኢያጎ ጋ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ። የኦቴሎ ሚስት ዴዝዴሞና ስትሞት እንባህ ይመጣል። እማዬ ጀበናውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ማንበብ የወደድኩት በዚያ ድምፅህ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ያኔ ግን አንድ ቦታ አልፎኛል። ኦቴሎ ለዴዝዴሞና ስለሰጣት፣ ኋላም ኢያጎ የክህደት ማስረጃ ስላደረገው መሐረብ። እኔ የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ ሰርቃው ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደዚያ አይደለም። ኦቴሎ ራሴን አመመኝ ይላል። ዴዝዴሞና በመሐረቧ ግንባሩን ልታስርለት ትጠጋለች። ትንሽ ነው፣ ተይው ብሎ ይገፋዋል። ያኔ ነው የሚወድቀው። ኤሚሊያ ያነሳችው ከመሬት ነው። ራሱ የጣለውን መሐረብ ነው በኋላ ወዴት አደረግሽው ብሎ ዴዝዴሞናን የሚያስጨንቃት። ይህን ያነበብኩ ማታ መጽሐፉን ዘግቼ ኩሽና ገባሁ። ብዙ ቆየሁ።

የእማዬ ሻሽ ትዝ አለኝ።

ነጭ ነው፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው። መሥሪያ ቤት ያሉት ሴቶች አዋጥተው ለእንቁጣጣሽ ገዙልኝ አለችህ። አንተ ደግሞ በዝናብ ቀን በመኪና ያደረሳትን አለቃዋን ነው ያሰብከው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። አልጮህክም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያችኑ ጥያቄ ደጋገምክባት። ስንት ሴቶች ናቸው? ስማቸው ማን ማን ነው? ስንት ስንት ብር አዋጡ? በማግስቱ አንዷን ባልደረባዋን ቤት ድረስ አስጠርተህ ጠየቅሃት። ሴትየዋ በመድኃኔዓለም ምላ ነገረችህ። አላመንካትም። ኦቴሎም እንዲሁ ነው። ኤሚሊያ ነፍሴን አስይዛለሁ፣ ንጹሕ ናት ትለዋለች። እሱ ግን መልሱን ይዞ ነው የሚጠይቀው።

እማዬ በወሩ ሥራ ለቀቀች። የጽሕፈት መኪና የለመዱት ጣቶቿ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብለው ሲመቱ አይቻለሁ። ፊደል የምትቆጥር ነበር የሚመስለኝ። እኛ ቤት ኢያጎ አልነበረም አባዬ። ማንም በጆሮህ ሹክ አላለህም። ኤሚሊያ አንድ ቦታ እንደምትለው፣ ቀናተኛ ሰው ምክንያት አይፈልግም፤ ቅናት ራሱን ፀንሶ ራሱን የሚወልድ አውሬ ነው።

እዚያው ዘመን የተጻፈ የጆን ዌብስተር ቴአትርም አለ፣ የማልፊዋ ዱቼስ የሚባል። ፈርዲናንድ የሚባል ሰው መንትያ እህቱ ደብቃው አገባች ብሎ በቅናት አሳንቆ ያስገድላታል። ሬሳዋን ሲያይ ፊቷን ሸፍኑት ይላል፣ ዓይኔን አጥበረበረኝ፣ በልጅነቷ ተቀጠፈች። ክፍል ውስጥ ይህን ሲያነቡት ተነስቼ ወጣሁ። እማዬ ያረፈች ቀን ፊቷን ሳታይ ወደ በረንዳ ወጥተህ ጀርባህን ሰጥተኸን ቆመህ ነበር። ያኔ ጨካኝ ነው ብዬ ፈረድኩብህ። አሁን እንደዚያ አላስብም። ምን እንደማስብ ግን አላውቅም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ልከስህ አይደለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቼ ነው። ባለፈው ወር ባለቤቴ ሻወር ሲገባ ስልኩን አንስቼ አየሁ። አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ደውሏል። ስንት ስንት ደቂቃ እንዳወሩ ቆጠርኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮዬ ጋለ። ሲወጣ ፈገግ ብዬ ፎጣ አቀበልኩት፤ ከዚያ ቀስ ብዬ እየዞርኩ እጠይቀው ጀመር። ድምፄን ሰማሁት። ያንተ ድምፅ ነው። ያ በመጋረጃ ኋላ የሰማሁት።

ቁጥሩ የእህቱ ነበር። አዲስ ስልክ ቁጥር አውጥታ። እሱ እስካሁን ምንም አላወቀም። እኔ ግን እህቱ መሆኗን ካወቅሁ በኋላም ነገሩ ቶሎ አልለቀቀኝም። ከሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሻሹ እኔ ጋ ነው። ዕቃዋን ስናወጣ ከሳጥኑ ሥር አገኘሁት። ናፍታሊን ይሸታል። አንዴም ያሰረችው አይመስልም፣ መጀመሪያ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ወንድሜ አጠገብህ ካለ ስለ ዓይንህ ብቻ እናወራለን። ብቻህን ከሆንክ ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ሴትየዋ በመድኃኔዓለም ምላ በሩን ዘግታ ስትወጣ፣ ውስጥህ አምኗት ነበር? አምኗት ከነበረ፣ ለእማዬ ያልነገርካት ለምንድን ነው?

ልጅህ