ኮዳክ እኮ አይቶት ነበር

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ በቀደም ስለ አንጋፋ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን የአሜሪካኑ የፎቶ ፊልምና ካሜራ ኩባንያ ኮዳክ ጋ ስደርስ አልዋጥልኝ አለ። «ዲጂታል መምጣቱን ሳያይ ቀረ» ነው ያላችሁት። ኧረ አይቶታል! የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ የተሰራው እኮ እዛው ኮዳክ ቤት ነው፣ በፈረንጆቹ 1975፣ ስቲቭ ሳሰን የሚባል ወጣት ኢንጂነራቸው ነው የሰራው፣ አንዷን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር።

እኔ የፎቶ ፊልም አጣቢ ነበርኩ። የሰርግ ፊልም ሲመጣልን ሳጥኑ ወይ ቢጫ ነው ወይ አረንጓዴ፣ ቢጫው ኮዳክ አረንጓዴው የጃፓኑ ፉጂ፣ የኬሚካሉ ሽታ ደግሞ ማታ እንጀራ ስትቆርስም ከጣትህ አይለቅም። በኋላ ደንበኛው ፎቶውን በፍላሽ ዲስክ ይዞ መምጣት ጀመረና ማጠቢያ ማሽናችን ዳንቴል ለብሶ የቻርጀር ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ዱላው ኮዳክም ፉጂም ላይ እኩል ነው ያረፈው ለማለት ነው፣ የአለም የፊልም ገበያ በ2000 ጣሪያ ነክቶ በአስር አመት ውስጥ ከአስር አንድ እጁም አልቀረም።

ታዲያ ፉጂ በምን ተረፈ? አለቃው ሺጌታካ ኮሞሪ ኢንጂነሮቹን ሰብስቦ ቤት ውስጥ ያለውን እውቀት አንድ በአንድ አስቆጠራቸው፣ ፊልም ስንሰራ የተማርነው ሌላ ምን ላይ ይገባል ነው ነገሩ። ፊልም ላይ የሚቀባው ጄላቲን ከኮላጅን ነው የሚወጣው፣ ኮላጅን ደግሞ ቆዳችን ውስጥ ያለው ነው፣ ፎቶ ቀለሙ እንዳይለቅ የሚያደርጉበት ኬሚስትሪም ቆዳ እንዳያረጅ ከሚደረገው ጋር ዘመድ ነው፣ እና በ2007 አስታሊፍት ብለው የፊት ክሬም ይዘው ብቅ አሉ! የፊልም ፋብሪካ ክሬም ሲሸጥ እኔ ብሆን እስቅ ነበር። ለቲቪና ለኮምፒውተር ስክሪን የሚሆን ስስ ፊልምም በሰፊው ሸጡ፣ በ2008 ደግሞ ቶያማ ኬሚካልን፣ መድሃኒት አምራች ነው፣ ገዙ።

የሚገርመው ኮዳክም መድሃኒት አምራች ኩባንያ ነበረው። ስተርሊንግ የሚባለውን በ1988 ገዝቶ በ1994 ሸጠው፣ በዛው አመት የኬሚካል ክፍሉንም ገንጥሎ ለቀቀው፣ ፉጂ በኋላ የሄደበትን በር እሱ ቀድሞ ዘግቶ ወጣ ማለት ነው። ጃንዋሪ 2012 ላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ኪሳራ አስመዘገበ።

ኮሞሪንም መልአክ አታድርጉት ደግሞ፣ በ2006 ከፎቶው ክፍል ወደ 5,000 ሰው እንደሚቀነስ ነው የተነገረው፣ ጽሁፋችሁ ስለነሱ አንድ መስመር የለውም። እኔም ሽርጤን ሰቅዬ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይሄ ነገር ቶሎ ይታየኛል መሰለኝ።

ሌላውን ተዉት፣ «ሳያይ ቀረ» የምትለዋን ብቻ አርሙልኝ።

የድሮ ፊልም አጣቢ፣ ከፒያሳ